ቲሩማላን ለመውጣት፦ ከአሊፒሪ ደረጃ እስከ ወርቁ በር

ሌሊት ቲሩፓቲ ባቡር ጣቢያ የወረደ ሰው ቀና ሲል፣ ጨለማው መሃል ከፍ ብሎ የበራ ነገር ያያል። ተራራው ላይ የቆመ የበር ግንብ ነው። ከእሱ በላይ፣ ከከተማው ሆኖ ማየት በማይቻልበት ስፍራ፣ ሂንዱዎች ቬንካቴስዋራ፣ ባላጂ፣ ስሪኒቫሳ፣ ጎቪንዳ እያሉ የሚጠሩት አምላክ ቤተ መቅደስ አለ። በደቡብ ሕንድ፣ በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት፣ በተለመደ ቀን እንኳ ከ60 ሺህ በላይ ሰው የሚወጣበት ኮረብታ ነው፤ ስሙም ቲሩማላ ይባላል።

ይህን የምጽፈው በሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለምትማሩ፣ ቤተሰብ ለማሳከም ቼናይ ወይም ባንጋሎር ለምትቆዩ፣ አንድ ቀን የክፍል ጓደኛችሁ ወይም አከራያችሁ «አብረን ቲሩማላ እንውጣ» ላሏችሁ ነው። እኔ ቪሻካፓትናም ተማሪ ሳለሁ ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ። መጀመሪያ ስሄድ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ብዙ ነገር ተሳስቻለሁ፤ ሁለተኛው ግን ዛሬም ከልቤ አልወጣም።

1. ወደ ማን እንደምትሄዱ ዕወቁ

ታሪኩን ሳያውቁ የሚወጡ ሰዎች ሰልፍና ግፊያ ብቻ አይተው ይመለሳሉ። ስለዚህ በአውቶቡሱ ውስጥ ሳላችሁ ጓደኛችሁን «እስቲ ታሪኩን ንገረኝ» በሉት። እኔ የሰማሁት ከጓደኛዬ እናት ነው፤ እንደ ልጆቻቸው «አማ» እያልኩ ነበር የምጠራቸው።

አማ እንደነገሩኝ፣ ብሪጉ የሚባል ባሕታዊ ከአማልክቱ ማን ታጋሽ እንደሆነ ሊፈትን ወጥቶ ቪሽኑን ደረቱ ላይ ረገጠው። ቪሽኑ አልተቆጣም፤ እንዲያውም «እግርህን አመመህ ወይ?» ብሎ ያሸው ጀመር። ሚስቱ ላክሽሚ ግን ማደሪያዋ የባሏ ደረት ነውና ተዋረድኩ ብላ ጥላው ሄደች። እሱም እሷን ፍለጋ ወደ ምድር ወርዶ በዚህ ተራራ ላይ፣ ምስጦች በሠሩት ኩይሳ ውስጥ ተቀመጠ፤ ቬንካቴስዋራ የሚሉት እሱን ነው። አንዲት ላም በየቀኑ እየመጣች ወተቷን ኩይሳው ላይ ታፈስለት ነበር። እረኛው ይህን አይቶ ላሚቱን በመጥረቢያ ሊመታት ሲሰነዝር ምቱ ኩይሳው ውስጥ ባለው አምላክ ራስ ላይ አረፈ። በኋላ ይኸው አምላክ የንጉሥ አካሳ ልጅ የሆነችውን ፓድማቫቲን ሊያገባ ሲል ለሠርጉ ገንዘብ ስላልነበረው ከሀብት ጌታው ከኩቤራ ተበደረ። ዕዳው እስከዚህ ዘመን ፍጻሜ ድረስ ይከፈላል ይባላል።

ታሪኩ ረዘመ አትበሉኝ። ላይ ወጥታችሁ የምታዩት ነገር ሁሉ በዚህ ውስጥ አለ። ሰዎች ገንዘብ የሚጥሉበት ሁንዲ ለዕዳው ወለድ ነው። የሚላጨው ፀጉር ለዚያ የመጥረቢያ ምት ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ተራሮቹም ሰባት ናቸው፦ ሴሻድሪ፣ ኒላድሪ፣ ጋሩዳድሪ፣ አንጃናድሪ፣ ቭሩሻባድሪ፣ ናራያናድሪ፣ ቬንካታድሪ። ቪሽኑ የሚተኛበት የአዲሴሻ እባብ ሰባት ራሶች ናቸው ተብሎ ይታመናል፤ ቤተ መቅደሱ ያለው በሰባተኛው በቬንካታድሪ ላይ ነው። እንግዲህ ለአማኙ ኮረብታው ራሱ ቅዱስ አካል ነው። ሰዉ ጫማውን አውልቆ የሚወጣው ለዚህ ነው።

2. ከመነሳታችሁ በፊት ስለ ቅጹ ወስኑ

ከመመሪያው ሁሉ ይህን አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ወደ ዋናው ቤተ መቅደስ ከመግባቱ በፊት የሚፈርመው ቅጽ አለ። ሐሳቡ «የሌላ እምነት ተከታይ ብሆንም በቬንካቴስዋራ አምናለሁ፣ አከብረዋለሁ፤ እንዳየው ይፈቀድልኝ» የሚል ነው። የፓስፖርት ወይም የቪዛ ቅጽ እንደምንሞላው ዓይነት አይደለም፤ የእምነት ቃል ነው።

መጀመሪያ በሄድኩ ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። በአውቶቡስ ወጥቼ፣ ቲኬት ይዤ፣ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሰልፉ ስጠጋ ወረቀቱን ሰጡኝ። አነበብኩት፤ እስክሪብቶውን ያዝኩ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። ከኋላዬ ሰው ይጠብቃል፤ ጓደኞቼ «ዝም ብለሽ ፈርሚው፣ ማንም አያይሽም» ይሉኛል። አልፈረምኩም። ቲኬቴም ባከነ፤ እነሱም ለእኔ ብለው ተከፉ። ይህ ሁሉ የሆነው አስቀድሜ ስላልጠየቅሁና ስላልወሰንኩ ነው።

ፈርሞ የሚገባ ሰው አለ፤ በእሱ አልፈርድም፣ ልቡን የሚያውቀው እሱ ነው። ግን ለማለፍ ብቻ አትፈርሙ። እዚያ ከፊትና ከኋላችሁ የተሰለፈው ሰው ለልጁ፣ ለእናቱ፣ ለዓመታት ለተሳለው ስለት የመጣ ነው። ከእነሱ መሃል ውሸት ይዞ መቆም እነሱንም፣ የራስንም ሃይማኖት መናቅ ነው። ላለመፈረም ከወሰናችሁ ደግሞ ጉዞው አይቀርም። ደረጃው፣ ኩሬው፣ አደባባዩና ፀጉር መላጫው ክፍት ናቸው። እኔ በሁለተኛው ጊዜ ሳልፈርም ነው የሄድኩት፤ ያየሁት ለዕድሜዬ ይበቃኛል።

3. ቀንና ቲኬት

አስተዳደሩ በአጭሩ ቲቲዲ የሚባል ተቋም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የቤተ መቅደሱን ሥራ በሕግ ይዞታል። ለመግባት የወሰነ ሰው ሁለት ዋና መንገድ አለው። አንዱ ሳርቫ ዳርሻን የሚባለው ነፃው ሰልፍ ነው፤ ሰው በበዛ ቀን ከአንድ ቀን በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። ሁለተኛው በኢንተርኔት ቀደም ብሎ የሚያዘው የ300 ሩፒው ቲኬት ነው፤ ሰዓት ስለተቆረጠለት መጠበቁ ያጥራል። የውጭ ዜጋ ፓስፖርቱን መያዝ አለበት፤ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ዋናውን ቤት አትተዉ።

ሰው የሚበዛባቸውን ቀናት ዕወቁ። በመስከረምና ጥቅምት አካባቢ ዘጠኝ ቀን የሚከበረው ብራህሞትሳቫም አለ፤ በአምስተኛው ቀን ምስሉ ጋሩዳ በተባለው ንስር ላይ ሆኖ በአደባባዩ ዙሪያ ሲዞር ሕዝቡ እንደ ባሕር ነው። በታኅሣሥና ጥር አካባቢ ደግሞ ቫይኩንታ ኤካዳሺ አለ። በዓል ለማየት ካልሆነ በነዚህ ቀናት አትሂዱ። ሚያዝያና ግንቦት የትምህርት ዕረፍት ነው፤ ሰዉም ሙቀቱም ይከብዳል። እኔ የምመርጠው ክረምታቸው ነው፤ ጥር መጨረሻና የካቲት።

4. ልብስና ሻንጣ

ወንድ ነጭ ዶቲ ወይም ሰፋ ያለ ፒጃማ ከሸሚዝ ጋር ይለብሳል፤ ሴት ሳሪ ወይም ሻልዋር ካሚዝ ከነሻርፑ። ጂንስና ቲሸርት ለብሶ ዋናው ሰልፍ ላይ መድረስ መመለስን ያመጣል። እኛ ሴቶች ነጠላ መልበስ ስለለመድን ሻርፑ አያስቸግረንም፤ ጓደኛዬማ ነጠላዬን አይታ «ይሄ ከእኛ ይበልጣል» አለችኝ።

ሥጋ፣ መጠጥ፣ ሲጋራ ኮረብታው ላይ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ከታች ሲወጣ ፍተሻ አለ። ስልክና ካሜራ ቤተ መቅደሱ ውስጥ አይገባም፤ አስረክቦ መሄድ ነው። ሌላው ዓይነ ግቡ ነገር፦ በደቡብ ሕንድ ሴት ያለ ጃስሚን ከቤት አትወጣም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቲሩማላ ላይ ግን ፀጉሯ ላይ አበባ የሰካች ሴት አታዩም። እዚያ የሚበቅለውም የሚገባውም አበባ ሁሉ የቬንካቴስዋራ ነው ስለሚባል ለራስ አይደረግም። የጸጉር አበባችሁን ታች ተዉት።

5. በእግር መውጣት

አውቶቡስ አለ፤ ተራራውን እየተጠማዘዘ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያደርሳል። አቅም ያለው ግን በእግሩ ይውጣ።

መንገዱ ሁለት ነው። በቻንድራጊሪ በኩል ያለው ስሪቫሪ ሜቱ 2,388 ደረጃዎች አሉት፤ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ከከተማው ጫፍ የሚነሳውን አሊፒሪን ነው፤ 3,550 ደረጃዎች፣ 9 ኪሎ ሜትር ያህል። ከባድ ዕቃ ከታች ለአስተዳደሩ አስረክባችሁ ላይ ትረከባላችሁ፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው። ውሃ፣ ትንሽ ገንዘብ፣ ፎጣ ብቻ ያዙ።

ለአዲስ አበባ ሰው ከፍታው ምንም አይደለም። ቤተ መቅደሱ ያለበት ቦታ ከባሕር ወለል 850 ሜትር ያህል ነው፤ የእኛ አገር ቆላ ማለት ነው። የሚያደክመው ሙቀቱና ወበቁ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ጀምሩ። ከሕፃናት ጋር ከሆናችሁ ግን ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጫካው ነብር አለበት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 አንዲት ሕፃን በነብር ከተገደለች ወዲህ ልጅ ይዞ ከሰዓት በኋላ መውጣት ተከልክሏል። ሰዉ በቡድን በቡድን «ጎቪንዳ! ጎቪንዳ!» እያለ የሚሄደው ለጸሎት ቢሆንም፣ በዚህም በኩል ጥቅም ሳይኖረው አይቀርም።

የመጀመሪያው ክፍል፣ ከአሊፒሪ እስከ ጋሊ ጎፑራም፣ ከሁሉ ይከብዳል። ጋሊ ጎፑራም ማለት የነፋስ በር ማለት ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ስትወርዱ በርቶ ያያችሁት ግንብ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ርቀት መንገዱ ይቀላል፣ አጋዘኖችም ይታያሉ።

በዚህ መንገድ ላይ ከፊታችን አንዲት አሮጊት ነበሩ። በአንድ እጃቸው የእርድ ዱቄት፣ በሌላው ቀይ ኩምኩም የያዘ ጎድጓዳ ሳህን። በእያንዳንዱ ደረጃ ጎንበስ ይላሉ፤ በሦስት ጣታቸው እርድ ይቀባሉ፤ መሃሉ ላይ ቀይ ነጥብ ያኖራሉ፤ ቀና ይላሉ፤ ወደሚቀጥለው። ወገባቸውን ሲይዙ የልጅ ልጃቸው መሰለኝ ሳህኑን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ከለከሉት። ከፊታቸው ከሁለት ሺህ በላይ ደረጃ ይቀራል። እኔ በጎናቸው ሳልፍ የረገጥኩት ደረጃ ያልደረቀ እርድ ነበረበት፤ ማታ እግሬን ስታጠብ ቢጫው አልለቀቀም። እናንተም ስታልፉ የተቀባውን መሃል አትርገጡ፤ በዳር በዳር ሂዱ።

መጨረሻ አካባቢ ሞካላ ሜቱ ትደርሳላችሁ፤ የጉልበት ደረጃ እንደማለት ነው። ራማኑጃ የተባለው ታላቁ የቪሽኑ እምነት መምህር፣ ቅዱሱን ተራራ በእግር መርገጥ ከብዶት በጉልበቱ ወጣ ይባላል። ዛሬም እዚያ ሲደርስ ተንበርክኮ የሚወጣ አለ። መንገድ ልቀቁላቸው፤ ፎቶ አታንሱ።

በጠቅላላው ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ያዙለት።

6. ካልያናካታ፦ ፀጉር የሚሰጥበት ቤት

እረኛው ቬንካቴስዋራን መትቶት የራስ ቆዳው ላይ ፀጉር የማይበቅልበት ቦታ ሲቀር፣ ኒላ ዴቪ የምትባል ልዕልት አይታ አዘነች። ለሴት ከፀጉሯ የሚበልጥ ጌጥ የለም፤ እሷ ግን ቆርጣ ቦታው ላይ አኖረችለት። እሱም «ወደዚህ የሚመጣ ሁሉ ፀጉሩን ይሰጣል፣ የሚሰጠውም ላንቺ ነው» አላት ይባላል። ከሰባቱ ተራሮች ኒላድሪ ስሟን ይዟል። እዚህ ፀጉር መላጨት ስለት መክፈል ነው፤ ለእኛ ሰው ይህን ቃል ማስረዳት አያስፈልግም።

ጓደኛዬ የተሳለችው ለእናቷ ነበር። አማ ታመው፣ ድነው፣ ራሳቸው አብረውን ወጥተዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መስኮት ላይ ቲኬትና ምላጭ ይሰጣችኋል፤ ክፍያ የለውም፣ ምላጩን ይዛችሁ ላጪው ፊት ትቀመጣላችሁ። ሴቶች የሚላጩት ሴት ላጮች ዘንድ ነው። ሙሉ መላጨት የከበዳት ሴት በመቀስ ሦስት ጊዜ ብቻ ጫፉን ታስቆርጣለች፤ እሱም ይቆጠራል።

የጓደኛዬ ፀጉር ከወገቧ በታች ይወርድ ነበር። ላጪዋ ውሃ አፈሰሰችበት፣ ሁለት ቦታ ጥቅልል አድርጋ አሰረችው፣ ከዚያ ከመሃል አናቷ ጀምራ ወደ ፊት ላጨችው። ስትጨርስ ጥቅሉ እንዳለ፣ ሳይበተን፣ እንደ ከባድ ገመድ እጇ ላይ ቀረ። ጓደኛዬ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። አማ ከጎኗ ቆመው ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ። ሲያልቅ ጭንቅላቷን በእጇ ዳሰሰችና ወደ እናቷ ዞራ ሳቀች። ከዚያ ገላ ታጥባ፣ አማ የሰንደል ቅባት አናቷ ላይ ቀቡላት፤ ቢጫ ሆኖ ደረቀ። ከዚያች ቀን በኋላ ከተማ ውስጥ ራሱ ቢጫ የሆነ ሰው ባየሁ ቁጥር «አንተስ ለማን ነው?» ማለት ያምረኛል።

ፀጉሩ አይጣልም። ተለይቶ፣ ደርቆ፣ በጨረታ ይሸጣል፤ ገቢው ለቤተ መቅደሱ ይውላል። ሕንድ ለዓለም ገበያ የሰው ፀጉር ከሚያቀርቡ አገሮች ግንባር ቀደሟ ናት፤ በአዲስ አበባ ፀጉር ቤቶች «ሂውማን ሄር» እያልን ከምንገዛው ውስጥም የሕንድ ፀጉር አለ። የትኛው ከየት እንደመጣ ማንም አይለይም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በእጄ ስይዘው ቀለል አድርጌ አልይዘውም።

7. ኩሬውና ቫራሃ

ከላጭ ቤት በኋላ ወደ ስዋሚ ፑሽካሪኒ፣ ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ወዳለው ሰፊ ኩሬ ይኬዳል። ዳር ዳሩ ደረጃ ነው፤ ሰው እስከ ወገቡ ገብቶ ይጠመቃል። በኩሬው ዳር የቫራሃ፣ ማለትም በከርከሮ መልክ የተገለጠው ቪሽኑ፣ ትንሽ ቤተ መቅደስ አለች። ቸኩሎ የመጣ ሰው አይቷት ያልፋል፤ ሥርዓቱ ግን መጀመሪያ እሷን መሳለም ነው። ቦታው ከጥንት የቫራሃ ነበረ፤ ቬንካቴስዋራ ሲመጣ ማረፊያ ለመነው፤ ኪራይ የሚከፍለው ስላልነበረው «ወደ እኔ የሚመጡ ሁሉ መጀመሪያ አንተን ይሳለሙ» ብሎ ቃል ገባለት ይላሉ። ባለርስቱን ሳይሳለሙ ወደ እንግዳው መሄድ ነውር ነው ማለት ነው።

እኔ የቆየሁት እዚህ ኩሬው ዳር ነው። ጓደኛዬና አማ ሰልፍ ሲገቡ ዕቃ ጠባቂ ሆንኩ። ከዚህ ቦታ ሆናችሁ አናንዳ ኒላያም የሚባለው በወርቅ የተለበጠ ጉልላት ይታያል፤ ለማይገባ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎች ወደ እሱ ዞረው እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ።

8. ሰልፉና ወርቁ በር

ይህን የምነግራችሁ ከእነሱ እንደሰማሁት ነው። ሰልፉ ቫይኩንታም በሚባል ሕንፃ ክፍል በክፍል ይሄዳል፤ በየክፍሉ ይቀመጣሉ፣ ወተትና ምግብ ይታደላል፣ በሩ ሲከፈት ወደሚቀጥለው። የታመመ ወይም ጨቅላ የያዘ አስቀድሞ ይናገር፤ ልዩ መግቢያ አለ።

ዋናውን በር እንዳለፋችሁ በስተቀኝ እጃቸውን አጣምረው የቆሙ የመዳብ ምስሎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1509 እስከ 1529 የቪጃያናጋራ ንጉሥ የነበረው ክሪሽናዴቫራያና ሁለቱ ንግሥቶቹ ናቸው፤ ሰባት ጊዜ ወደዚህ መጥቷል። ንጉሥ ሆኖ በዙፋን ሳይሆን እንደ ምእመን ቆሞ መቀረጹን አማ በጣም ይወዱታል። ውስጥ ደግሞ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው አናማቻሪያ የተቀኛቸው መዝሙሮች በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጸው የተገኙባት የድንጋይ ጓዳ አለች። 32 ሺህ ተቀኝቷል ይባላል፤ የተረፉት ከ12 ሺህ በላይ ናቸው፤ ዛሬም በየቤቱ ይዘመራሉ።

ከዚያ ወርቁ በር፣ ባንጋሩ ቫኪሊ። ከእሱ ወዲያ ጠባብ፣ ጨለማ፣ ዘይት መብራት ብቻ። ምስሉ ቆሟል፤ ግንባሩ ላይ ያለው ሰፊ ነጭ ምልክት ዓይኖቹን ይሸፍናል፣ እይታው ለሰው ስለሚከብድ ነው ይላሉ። ሐሙስ ቀን ምልክቱ ስለሚቀንስ ዓይኖቹ ይታያሉ፤ ለዚህ ብለው ሐሙስን የሚመርጡ አሉ።

ለስንት ሰዓት ተሰልፎ የሚታየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። አስተናጋጆቹ በቴሉጉ «ጀረገንዲ! ጀረገንዲ!» ይላሉ፤ ወደፊት እለፉ ማለት ነው። ስለዚህ ምክሬ፦ የምትለምኑትን በሰልፉ ላይ ጨርሱ። እዚያ ስትደርሱ ማየት ብቻ ነው። ዳርሻን የሚሉትም ማየትን ነው፤ በእምነታቸው ግን ሰው ሲያይ ይታያልም። ጓደኛዬ ወጥታ ስትመጣ «ምን ለመንሽ?» ብላት «ረሳሁት፣ አይቶኛል ግን» አለችኝ።

9. ላዱና መውረድ

ለገባ ሰው ላዱ የሚባል ጣፋጭ አንድ በነፃ ይሰጣል፤ ተጨማሪ ይገዛል። የሽንብራ ዱቄት፣ ስኳር፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ካሽው፣ ዘቢብና ሄል ነው፤ በቤተ መቅደሱ ወጥ ቤት በቀን በመቶ ሺህዎች ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በስሙ ሌላ ማንም እንዳይሸጥበት በሕግ ተጠብቋል። የሚበላው እንደ ኬክ ሳይሆን በቀኝ እጅ ቆርሶ፣ ለሌላ አካፍሎ ነው። ከመውረዳችሁ በፊት በነፃው ምግብ አዳራሽ ተቀመጡ፤ ሩዝ፣ ሳምባርና ቅጠላ ቅጠል በሙዝ ቅጠል ወይም በሳህን ይቀርባል፤ ሚኒስትሩም ለማኙም ከጎናችሁ ሊሆን ይችላል። ለአንዳንዶቻችሁ ጥያቄ የሚሆነው ይህ ነው፦ በሌላ እምነት መሠዊያ ፊት የቀረበ ምግብ መብላት ወይም አለመብላት። ካልበላችሁ በሁለት እጅ ተቀብላችሁ ለጎረቤት ስጡ፤ መሬት እንዳይወድቅ፣ ቅርጫት ውስጥ እንዳይጣል። አማ የሰጡኝን እኔ እንዲሁ አድርጌ ለአውቶቡሱ ሹፌር ሰጠሁት፤ መሪውን ትቶ ተነስቶ ተቀበለኝ።

ከወረዳችሁ በኋላ በቀጥታ ወደ ጣቢያ አትሂዱ። ከቲሩፓቲ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቲሩቻኑር ላይ የፓድማቫቲ ቤተ መቅደስ አለ። ባልየውን አይቶ ሚስቲቱን ሳያዩ መመለስ ጉዞውን ጎዶሎ ያደርገዋል ይላሉ። ሪክሾ ከመያዛችሁ በፊት ዋጋ ተስማሙ፤ ጫማችሁንም የምታስቀምጡበትን ቁጥር አትርሱ።